ለተራራውም ለንቧም፦ በትንሽ ገንዘብ ሌንስ መምረጫ መመሪያ

ሌንስን ውድ የሚያደርጉት በዋናነት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው አፐርቸሩ (ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) እስከ ኤፍ 2.8 ወይም ከዚያም በላይ መከፈቱ ነው፤ ሁለተኛው የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ፎከሱን ቶሎ መያዙ። ሠርግ ለሚያነሳ ሰው ሁለቱም እንጀራው ናቸው፤ አዳራሹ ጨለማ ነው፣ ሙሽሮቹም ቁሙልኝ ቢባሉ አይቆሙም። ተራራ ግን የትም አይሄድም። የመልክዓ ምድር ፎቶ በኤፍ 8 ወይም በኤፍ 11፣ ካሜራው ትራይፖድ ላይ ሆኖ የሚነሳ ስለሆነ ሻተሩ (ብርሃኑን የሚከፍትና የሚዘጋው መጋረጃ) ተከፍቶ አንድ ሰኮንድ ቢቆይም የሚጎዳ ነገር የለም። ማክሮም (እንደ ነፍሳት ያለ ትንሽ ነገርን ተጠግቶ አጉልቶ ማንሳት) ቢሆን አፐርቸሩ ጠቦ፣ ፎከሱ በእጅ ተይዞ ነው የሚሠራው። ስለዚህ በእነዚህ ሁለት ዘርፎች ለማትጠቀሙበት ነገር ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም። በኤፍ 2.8 ሲነጻጸሩ የሰማይና የምድር ያህል የሚራራቁ ሁለት ሌንሶች፣ በኤፍ 8 የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራሉ።

መመሪያው የተጻፈው ብዙ ሰው እጅ ላይ ያለውን ዕቃ ታሳቢ አድርጎ ነው፤ እንደ ካኖን 600ዲ፣ 700ዲ ወይም ኒኮን ዲ3200፣ ዲ5300 ያለ ክሮፕ ሴንሰር ካሜራ (ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰሩ ከፉል ፍሬም ያነሰ)፣ አብሮት ከመጣው 18-55 ሚሊ ሜትር ኪት ሌንስ ጋር። ፉል ፍሬም (ሴንሰሩ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ያህል የሆነ ካሜራ) ላላችሁ የአሠራሩ ቅደም ተከተል ያው ነው፤ የሚለወጡት የሌንስ ቁጥሮቹ ናቸው።

1. ከመግዛት በፊት መቁጠር

ከዚህ በፊት ካነሳችኋቸው የመልክዓ ምድር ፎቶዎች ወደ 100 የሚሆኑ የምትወዷቸውን ምረጡ። በኮምፒውተር ፎቶው ላይ በቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ዲቴይልስ ብትሉ በስንት ሚሊ ሜትር እንደተነሳ ይነግራችኋል። በወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ ሠርታችሁ በጭረት ቁጠሩ፦ በ18 የተነሳ፣ በ55 የተነሳ፣ በመሃል ያለ።

አብዛኛው ጭረት 18 ላይ ከተከመረ የጎደላችሁ ስፋት ነው። 55 ላይ ከሆነ ደግሞ የጎደላችሁ ርዝመት ስለሆነ ሰው ሁሉ የሚያወራለትን ሰፊ ሌንስ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። በመሃል ያለው ከበዛ ሌንስ አልጎደላችሁም፤ የጎደለው ትራይፖድ ሊሆን ይችላል።

ለማክሮም ተመሳሳይ ፈተና አለ። ማስመሪያ ጠረጴዛ ላይ አድርጉ፤ ሌንሱን 55 ላይ አድርጋችሁ ፎከስ መያዝ እስከሚችልበት ድረስ ተጠጉና አንሱት። ከዳር እስከ ዳር ስንት ሚሊ ሜትር ገባ? የካኖን ክሮፕ ሴንሰር ስፋት 22.3 ሚሊ ሜትር፣ የኒኮን 23.5 ገደማ ነው። ይህን ቁጥር ማስመሪያው ላይ ለታየው ብታካፍሉት ሌንሱ የሚሰጠውን መጠን ታገኛላችሁ። የካኖን 18-55 ወደ 65 ሚሊ ሜትር ያሳያል፤ 22.3 ለ65 ሲካፈል 0.34 ነው፤ ማለትም የዕቃው መጠን ሲሶ።

ይህ ቁጥር በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ለማየት አደይ አበባ ላይ ያረፈችን ንብ እንውሰድ። ሠራተኛ ንብ ርዝመቷ 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በ0.34 ስታነሷት የፎቶውን ስፋት አንድ ሰባተኛ ያህል ትይዛለች፤ አበባው ያምራል፣ ንቧ ግን ነጥብ ናት። በ1 እጥፍ ግማሽ ያህሉን ትሞላለች፤ ዓይኗና እግሯ ላይ የተለጠፈው ብናኝ ይታያል። በ2 እጥፍ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ሞልታ አበባው ከኋላ ቢጫ ቀለም ብቻ ሆኖ ይቀራል። ከሦስቱ የትኛውን እንደምትፈልጉ ሳትወስኑ ማክሮ ሌንስ አትጠይቁ።

2. ከሌንስ የሚቀድሙ ሁለት ዕቃዎች

ትራይፖድ። የካሜራውንና የሌንሱን ክብደት ደምሩ፤ ትራይፖዱ ላይ የተጻፈው የመሸከም አቅም የዚያ ሦስት እጥፍ ይሁን። 700ዲ ከ55-250 ጋር 1 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ስለዚህ 3 ኪሎ። ሱቅ ውስጥ የመሃል ምሰሶውን ሳትመዙ እግሮቹን ዘርጉ፣ ካሜራውን ጫኑ፣ ላይቭ ቪው (ምስሉ በካሜራው ስክሪን ላይ የሚታይበት) ላይ 10 እጥፍ አጉሉና ሌንሱን በጣት ነካ አድርጉት። ምስሉ በሁለት ሰኮንድ ውስጥ ካልረጋ ተዉት። ስሜን ላይ ነፋስ ሲነሳ ቀላል ትራይፖድ ይንቀጠቀጣል፤ ቦርሳችሁን ከመሃል ምሰሶው ሥር አንጠልጥሉ፣ ግን መሬት ነካ ይበል፤ በአየር ላይ ከተንጠለጠለ እንደ ዥዋዥዌ ሆኖ ይብሱኑ ያናውጠዋል። ሌንሱ ላይ ያለውን የመንቀጥቀጥ መከላከያም አጥፉ። ካሜራው ረግቶ ሳለ እሱ ሲሠራ ራሱ ብዥታ ሊያመጣ ይችላል።

ፖላራይዘር። በኮምፒውተር ሊተካ የማይችል ፊልተር ቢኖር ይህ ነው። ከእርጥብ ቅጠል፣ ከውኃና ከድንጋይ ላይ ነጸብራቁን ያነሳል። ባሌ ሐረና ጫካ ውስጥ ከዝናብ በኋላ ቅጠሉ ሁሉ ነጭ ሆኖ ሲያብለጨልጭ ፊልተሩን ዞር ስታደርጉት አረንጓዴው ይመለሳል። ዋጋው አለው፤ ከ1.5 እስከ 2 ስቶፕ ብርሃን ይወስዳል (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በግማሽ መቀነሱ ነው)።

መጠኑን ስትመርጡ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሌንሱ ፊት ላይ ወይም ክዳኑ ውስጥ፣ መስመር የተሰመረበት ክብ ምልክት አጠገብ ያለው ቁጥር ነው የፊልተር መጠኑ። የካኖን 18-55 እና 55-250 ኤስቲኤም ሁለቱም 58 ናቸው፤ ሰፊው 10-18 ግን 67 ነው። ወደፊት 10-18 የመግዛት ሐሳብ ካላችሁ ፊልተሩን በ67 ገዝታችሁ ከ58 ወደ 67 የሚያሳድግ ቀለበት ጨምሩ። ቀለበቱ ርካሽ ነው፤ ሁለት ፊልተር ከመግዛት ያድናል። ጣጣው ቀለበቱ ሲገባ የፀሐይ መከላከያው ኮፍያ አለመግባቱ ነው፤ በእጃችሁ ታከላክላላችሁ።

ለመከላከያ ተብሎ የሚሸጠውን ርካሽ ዩቪ ፊልተር ዝለሉት። ፀሐይ ከፊት ስትሆን በፎቶው ላይ አረንጓዴ ነጥቦች የሚበትነው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው።

3. ኪት ሌንሱን እስከ ጥጉ መጠቀም

18-55 ሌንስ የሚናቀው ባብዛኛው በአጠቃቀሙ ምክንያት ነው። እንዲህ ሞክሩት፦

1. አይኤስኦ (የሴንሰሩ ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ አፐርቸር ኤፍ 8። ፊት ለፊት ቅርብ ነገር ካለ ኤፍ 11። ኤፍ 22 ድረስ አትውረዱ፤ ቀዳዳው በጣም ሲጠብ ብርሃን ጠርዙ ላይ ስለሚበተን ፎቶው በሙሉ ይለሰልሳል። በክሮፕ ሴንሰር ኤፍ 16 ላይ ራሱ ልዩነቱ ይታያል።
2. ፎከሱን ወደ እጅ ቀይሩ። ላይቭ ቪው ላይ 10 እጥፍ አጉልታችሁ በትክክለኛው ርቀት ያለ ድንጋይ ላይ ያዙ።
3. የ2 ሰኮንድ ሰዓት ቆጣሪ አድርጉና ልቀቁት።
4. ካሜራው ለባትሪ ቁጠባ ከተኛ ሲነቃ ፎከሱን ደግማችሁ እዩ። ፎከሳቸው በሞተር ብቻ በሚንቀሳቀስ አዳዲስ ሌንሶች ላይ የያዛችሁት ቦታ ሊሸሽ ይችላል።

«ትክክለኛው ርቀት» የቱ ነው ለሚለው፣ ለክሮፕ ሴንሰር እነዚህን ቁጥሮች ስልካችሁ ላይ ጽፋችሁ ያዙ፦

በ10 እና ኤፍ 8፦ 65 ሳንቲ ሜትር ገደማ
በ18 እና ኤፍ 8፦ 2 ሜትር
በ18 እና ኤፍ 11፦ 1.5 ሜትር
በ24 እና ኤፍ 8፦ 3.6 ሜትር

ፎከሱን በዚያ ርቀት ከያዛችሁ፣ ከርቀቱ ግማሽ ጀምሮ እስከ አድማስ ድረስ ያለው ሁሉ ተቀባይነት ባለው መጠን ጥርት ይላል። ለምሳሌ በ18 እና ኤፍ 11 ፎከሱን 1.5 ሜትር ላይ ካደረጋችሁ ከ75 ሳንቲ ሜትር ጀምሮ ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፎከሱን ተራራው ላይ በመያዝ ነው። ያኔ ተራራው ጥርት ይላል፣ ፊት ያለው ጅብራ ግን ይደበዝዛል፤ ከዚያ «ሌንሱ አይረባም» ይባላል።

4. ሰፊ ወይስ ረጅም?

ሰፊ ሌንስ ሁሉን ያስገባል፤ ሁሉን ሲያስገባ ግን ሁሉን ያሳንሳል። ስሜን ተራሮች ውስጥ 3,926 ሜትር ላይ ካለው እሜት ጎጎ ቆማችሁ በ10 ብታነሱ ያ ሁሉ ገደልና ሰንሰለት ከታች በኩል ቀጭን መስመር ሆኖ ይቀራል፤ ቀሪው ሰማይ ነው። በዓይናችሁ ያያችሁት ግርማ በፎቶው ውስጥ ጉብታ ያህላል። ሰፊ ሌንስ የሚያምረው ቅርብ የሆነ ነገር ሲኖር ነው፤ ግማሽ ሜትር ላይ የቆመ ጅብራ፣ ከሥሩ ያለ ድንጋይ፣ ከኋላው ተራራው። ተንበርክካችሁ ካልተጠጋችሁ ሰፊ ሌንስ አትግዙ።

ተደራርበው እየደበዘዙ የሚሄዱትን ሸንተረሮች የሚያወጣው ረጅሙ ነው። ከ100 እስከ 250 ባለው ርዝመት ሸንተረሮቹ ይቀራረባሉ፣ ይደራረባሉ እንጂ አይበታተኑም። ጭላዳም በመንገድ ላይ ካገኛችሁ ያው ሌንስ ነው የሚያነሳው። ረጅም ሌንስ የማይችለው አቧራን ነው። በበጋ አጋማሽ፣ በተለይ ከእኩለ ቀን በኋላ፣ በእናንተና በተራራው መሃል ያለው ጭጋጋማ አየር አብሮ ይጎላል፤ ያንን የሚያጠራ ሌንስ የለም። ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ፣ ዝናቡ አየሩን አጥቦ ከሄደ በኋላ፣ ጠዋት ማንሳት ከሌንስ ለውጥ ይበልጣል።

ስለዚህ ሁለተኛ ሌንስ አንድ ብቻ መግዛት የምትችሉ ከሆነ ምክራችን ረጅሙ ነው። ለካኖን 55-250 ኤስቲኤም፣ ለኒኮን 55-200 ቪአር። ምክንያቱ ተራራው ብቻ አይደለም፤ ከታች እንደምታዩት ይኸው ሌንስ ማክሮም ይሆናል።

ሰፊው የግድ ለሚያስፈልጋችሁ፦

የካኖን ኢኤፍ-ኤስ 10-18 ኤስቲኤም በ2014 ሲወጣ 299 ዶላር ነበር፤ ያገለገለው ከዚያ በታች ይገኛል። 240 ግራም ብቻ ይመዝናል፣ በኤፍ 8 ጥርት ያለ ነው። በፉል ፍሬም የካኖን ዲኤስኤልአር (ውስጡ አንጸባራቂ መስታወት ባለው ካሜራ) ላይ ግን አይገባም።

የኒኮን ኤኤፍ-ፒ 10-20 በ2017 ወደ 310 ዶላር ይሸጥ ነበር። ወጥመድ አለው፦ ዲ3100፣ ዲ3200 እና ዲ5100 ላይ ፎከስ አያደርግም። በእጅም አይሆንም፤ ቀለበቱ ራሱ የሚሠራው በካሜራው ኤሌክትሮኒክስ ነውና።

ቶኪና 11-16 ኤፍ 2.8 ጠንካራ ነው፣ ከባድም ነው። ተጨማሪው ብርሃን የሚያስፈልገው ሌሊት ኮከብ ለማንሳት ነው፤ ለቀን ብቻ ከሆነ ትርፉን አትክፈሉ። የመጀመሪያው የኒኮን ስሪት ሞተር ስለሌለው በዲ3000 እና በዲ5000 ተከታታይ ካሜራዎች ፎከሱ በእጅ ነው፤ ለመልክዓ ምድር ግን ይህ እንከን ሳይሆን ዋጋ ማስቀነሻ ነው።

ሳምያንግ 14 ኤፍ 2.8 ርካሽ ነው ተብሎ ይመከራል። ክሮፕ ካሜራ ላይ ግን የሚሰጠው ስፋት ያን ያህል አይደለም፤ ከ18 ብዙም አይርቅም። የፊት መስታወቱ ስላበጠ ፊልተር አይቀበልም፤ ቀጥ ያለ አድማስንም እንደ ማዕበል ያጎብጠዋል።

ያለ ሰፊ ሌንስ ስፋት ማግኘት። ኪት ሌንሱን 35 ላይ አድርጉ፣ ካሜራውን ወደ ቁም አዙሩት። መጋለጡን (ሻተር፣ አፐርቸር፣ አይኤስኦ)፣ የነጭ ሚዛኑንና ፎከሱን በሙሉ በእጅ ቆልፉ። ከግራ ወደ ቀኝ ከ5 እስከ 7 ፎቶ አንሱ፤ እያንዳንዱ ካለፈው ጋር ሲሶውን ይጋራ። ሁጊን የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይሰፋቸዋል። ውጤቱ ከሰፊ ሌንስ ፎቶ የበለጠ ዝርዝር ይይዛል፤ ትልቅ አድርጎ ለማሳተምም ይመቻል። የሚበላሸው በሦስት ምክንያት ነው፦ ፖላራይዘር ሳይነቀል ሲቀር (ሰማዩ አንዱ ጋ ጠቁሮ አንዱ ጋ ይነጣል)፣ መጋለጡ አውቶ ላይ ሲሆን፣ ወይም ግማሽ ሜትር ላይ ያለ ነገር ሲገባበት መጋጠሚያው ሲሰበር።

5. ወደ ማክሮ፦ ከርካሹ ጀምሮ

ሀ. ራይኖክስ። ዲሲአር-250 የሚባለው ሌንስ ፊት ላይ እንደ ልብስ መቆንጠጫ ተቆንጥጦ የሚገባ ትንሽ መስታወት ነው። መያዣው ከ52 እስከ 67 የፊልተር መጠን ይቀበላል፤ ስለዚህ ከላይ የጠቀስናቸው ረጅም ሌንሶች ሁሉ ላይ ይገባል። ጉልበቱ 8 ዳዮፕተር ነው፤ ያ ማለት የትኩረት ርዝመቱ 125 ሚሊ ሜትር ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የሌንሳችሁን ርዝመት ለ125 አካፍሉ። ፎከሱ እሩቁ ላይ ሆኖ በ125 ካደረጋችሁት 1 እጥፍ፣ በ200 1.6፣ በ250 2 እጥፍ። ንቧ ከዳር እስከ ዳር!

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሌንሱን በእጅ ፎከስ እሩቁ ላይ አቁሙ። ከአበባው 11 ወይም 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ቅረቡ፤ ዙሙን ብትለውጡም ይህ ርቀት አይለወጥም፣ የሚለወጠው የሚገባው ስፋት ብቻ ነው። መጀመሪያ ዙሙን አሳጥራችሁ ነፍሳቱን ፈልጉ፣ ካገኛችሁ በኋላ አስረዝሙ። ቀለበት አታዙሩ፤ መላ ሰውነታችሁን ወደፊትና ወደኋላ ሚሊ ሜትር በሚሊ ሜትር አንቀሳቅሱ። ዙሙ በጣም ሲያጥር የፎቶው አራት ጥጎች ይጨልማሉ፤ ብልሽት አይደለም፣ መስታወቱ ትንሽ ስለሆነ ነው።

ዲሲአር-150 ለስለስ ያለው ወንድሙ ነው፤ 4.8 ዳዮፕተር። 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያርቃችኋል፣ በ250 ላይም 1.2 እጥፍ ይሰጣል። ለጀማሪና ለሚደነግጥ ነፍሳት እሱ ይሻላል። በአራት ተሰብስበው የሚሸጡት +1፣ +2፣ +4፣ +10 የሚባሉት ፊልተሮች ግን አንድ ተራ መስታወት ብቻ ስለሆኑ ዳር ዳሩን ሐምራዊና አረንጓዴ ያደርጋሉ፤ +10ን ባታወጡት ይሻላል።

ለ. ባዶ ቱቦ። በካሜራውና በሌንሱ መሃል የሚገባ፣ ውስጡ መስታወት የሌለው ቀለበት ነው። ስሌቱ፦ የቱቦው ርዝመት ለሌንሱ ርዝመት ሲካፈል፣ ሲደመር ሌንሱ ቀድሞ የነበረው። የካኖን 50 ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም ለብቻው 0.21 አለው። 31 ሚሊ ሜትር ቱቦ ሲገባ 0.62 ይጨመርና 0.83 ይሆናል። 13፣ 21 እና 31 የሆነው ሙሉ ስብስብ አንድ ላይ ሲገባ 1.5 ገደማ።

ከዚህ ስሌት የምትረዱት ነገር አለ፦ ሌንሱ በረዘመ ቁጥር ቱቦው ጉልበት ያጣል። 250 ላይ 31 ሚሊ ሜትር ቱቦ የሚጨምረው 0.12 ብቻ ነው። በተቃራኒው 18 ላይ ቱቦ ብታስገቡ ፎከሱ የሚያርፈው መስታወቱ ላይ ወይም ውስጡ ነው፤ ምንም አታዩም። ቱቦ ለ50 ነው፣ ራይኖክስ ለረጅም ሌንስ ነው።

ስትገዙ ቱቦው ውስጥ የወርቅ ቀለም ያላቸው የኤሌክትሪክ መገናኛዎች መኖራቸውን እዩ። የሌላቸው በጣም ርካሽ ናቸው፣ ነገር ግን አፐርቸሩን ከካሜራው ማዘዝ አትችሉም። ካኖን ላይ ማምለጫ አለ፦ ኤፍ 8 አድርጉ፣ የፎከስ ጥልቀት ማሳያ ቁልፉን ተጭናችሁ እንደያዛችሁ ሌንሱን ንቀሉ፤ ቀዳዳው ጠቦ ይቀራል። ኒኮን ላይ ደግሞ የአፐርቸር ቀለበት የሌለው ሌንስ ሲነቀል በራሱ እስከ መጨረሻው ይዘጋል፤ ከኋላ ያለችውን ትንሽ ምላስ በወረቀት ቁራጭ ደግፎ መያዝ ያስፈልጋል።

ሐ. ሌንስ መገልበጥ። ከሁሉም ርካሹ። አንድ በኩል የፊልተር ጥርስ፣ በሌላ በኩል የካሜራ መግጠሚያ ያለው ቀለበት ገዝታችሁ ሌንሱን አዙራችሁ ትገጥሙታላችሁ። ለካኖን 18-55 58 መጠን ያለው ነው። 50 ሌንስ ሲገለበጥ 1 እጥፍ ገደማ፣ 18-55 በ18 ላይ ሲገለበጥ ከ3 እጥፍ በላይ ይሰጣል። ማራኪ ይመስላል፤ ግን በ3 እጥፍና በኤፍ 8 ጥርት የሚለው ጥልቀት 0.14 ሚሊ ሜትር፣ የወፍራም ወረቀት ያህል ነው። ሕያው ነፍሳት በዚህ አይሞከርም። ለሳንቲም፣ ለጤፍ ፍሬ፣ ለደረቀ ቅጠል ሥር ግን ጠረጴዛ ላይ ድንቅ ነው። የሌንሱ የኋላ መስታወት ውጪ ስለሚሆን አቧራ ባለበት ቦታ አትክፈቱት።

መ. እውነተኛ ማክሮ ሌንስ። ሦስቱን ሞክራችሁ ይህ ሥራ ከያዛችሁ ነው የሚገዛው። «ማክሮ» የሚለውን ቃል አትመኑ፤ ርካሽ 70-300 ሌንሶች ላይ ተጽፎ 1፦2 ወይም ከዚያ በታች ብቻ የሚሰጡ ብዙ ናቸው። የምትፈልጉት 1፦1፣ ማለትም 1 እጥፍ ነው። ርዝመቱም ወሳኝ ነው። የኒኮን 40 ማክሮ ርካሽ ነው፣ 1፦1 የሚደርሰው ግን ከሴንሰሩ 16.3 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። የካሜራውንና የሌንሱን ርዝመት ስትቀንሱ ከመስታወቱ ፊት የሚቀረው ከ4 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ነው፤ ጥላችሁ አበባው ላይ ያርፋል፣ ቢራቢሮዋም ሄዳለች። ለቡና አበባ፣ ለጌጣጌጥና ለምግብ ይበቃል። ለነፍሳት ከ90 እስከ 105 ያለውን ፈልጉ፤ ያገለገለ ታምሮን 90 ወይም የካኖን ኢኤፍ 100 ማክሮ፣ ቀይ ቀለበት የሌለው አሮጌው፣ ይበቃችኋል።

የትኛውንም ብትመርጡ በ1 እጥፍና በኤፍ 8 ጥርት የሚለው 0.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በቱቦና በእውነተኛ ማክሮ ደግሞ በ1 እጥፍ ላይ 2 ስቶፕ ብርሃን ይጠፋል። ስለዚህ የካሜራውን ፍላሽ ክፈቱ፤ ሻተር 1/200፣ ኤፍ 8 ወይም 11፣ አይኤስኦ 200። ፍላሹ ባዶውን ከሆነ ሌንሱ ጥላ ይጥላል፣ የንቧም ጀርባ ያብለጨልጫል። ነጭ ወረቀት ወይም ነጭ ፌስታል ካርቶን ላይ ወጥራችሁ ከፍላሹ በላይ ወደፊት ዘንበል አድርጋችሁ እሰሩት፤ ወደ ነፍሳቱ በቀረበ መጠን ብርሃኑ ይለሰልሳል። ጊዜው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ነው፤ ነፋስ የለም፣ ጤዛ አለ፣ ነፍሳቱም ብርድ ይዟቸው አይበሩም። ግንዱ ከተወዛወዘ መሬት ላይ እንጨት ተክላችሁ በልብስ መቆንጠጫ ያዙት።

6. ያገለገለ ሌንስ ሲታይ

የስልክ መብራት፣ ንጹሕ ጨርቅና የራሳችሁን ካሜራ ይዛችሁ ሂዱ።

መብራቱን ከኋላ በኩል አብሩና ከፊት ተመልከቱ። አቧራ ነጥብ ነጥብ ይመስላል፤ ጥቂት ከሆነ ምንም አይደለም። እንደ ሸረሪት ድር ወይም እንደ ውርጭ ቅርንጫፍ የሚመስል ነገር ግን ሻጋታ ነው፤ እርጥበት ባለበት አካባቢ የቆየ ሌንስ ላይ ይበዛል። ምንም ቢረክስ ተዉት። የፊት መስታወቱ ላይ ያለ ትንሽ ጭረት ፎቶ ላይ አይታይም፣ ዋጋ ለማስቀነስ ተጠቀሙበት፤ የኋላው መስታወት ላይ ያለ ጭረት ግን ይታያል።

ካሜራችሁ ላይ ግጠሙና ኤፍ 16 ላይ አንሱ፤ ስህተት የሚል ጽሑፍ ከመጣ ወይም ፎቶው ከልክ በላይ ከነጣ የአፐርቸሩ ምላጮች አይሠሩም።

የመጨረሻው ፈተና ጋዜጣ ነው። ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ ካሜራውን ቀጥ አድርጋችሁ አንሱ፣ አፐርቸሩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ። አራቱን ጥጎች አጉልታችሁ አወዳድሩ። አራቱም እኩል ቢለሰልሱ የሌንሱ ባሕርይ ነው፤ ሦስቱ ተነበው አንዱ ብቻ ከደበዘዘ ወድቆ የሚያውቅ ሌንስ ነው።

7. ከውጭ ለሚያመጣ ዘመድ መልእክት ሲጻፍ

«የካኖን 10-18 ግዛልኝ» ብላችሁ ከላካችሁ በ2023 የወጣውን አርኤፍ-ኤስ 10-18 ይዞ ሊመጣ ይችላል። እሱ የሚገባው ሚረርለስ (ውስጣቸው አንጸባራቂ መስታወት የሌላቸው) በሆኑት አዳዲስ የአር ካሜራዎች ላይ ብቻ ነው፤ 700ዲ ላይ የሚያስገባው አስማሚ የለም። ተቃራኒው ግን ይቻላል፤ ኢኤፍ-ኤስ ሌንስ በአስማሚ አዲሶቹ ላይ ይገባል። ስለዚህ ሙሉ ስሙን ጻፉ፣ የካሜራችሁን ስም ጨምሩ፣ የሌንሱን መግጠሚያ ፎቶ አንስታችሁ ላኩ። ኒኮን ከሆነ በስሙ ውስጥ «ዲ» ብቻ ያለበትን እንደ 50 ኤፍ 1.8ዲ ያለ ሌንስ በዲ3000 እና በዲ5000 ተከታታይ ካሜራዎች ላይ ፎከሱ በእጅ ብቻ መሆኑን ዕወቁ።

የድሮ ባለ ጥርስ ኤም42 ሌንሶችን፣ ለምሳሌ ሄሊዮስ 44ን፣ ያገኘ ደግሞ ካኖን ላይ በርካሽ ቀለበት ሊገጥማቸው ይችላል፤ እስከ አድማስ ፎከስ ያደርጋሉ። ኒኮን ላይ ግን መስታወት የሌለው ቀለበት አድማስ ድረስ አይደርስም፤ የካሜራው መግጠሚያ ከሴንሰሩ 46.5 ሚሊ ሜትር ስለሚርቅና ሌንሶቹ 45.46 ስለሚፈልጉ። ለማክሮ ከሆነ አያስጨንቅም።

8. ማስቀመጥ

ሌንስ ቆዳ ቦርሳ ውስጥ ተዘግቶ ክረምቱን አይክረም፤ ሻጋታ የሚጀምረው እዚያ ነው። ክዳኑ በደንብ የሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከጫማ ካርቶን የምታገኟቸውን ትንንሽ የሲሊካ ከረጢቶች አንድ እፍኝ ጨምራችሁ አስቀምጡ። ሩዝ አታድርጉ፤ ዱቄቱ ቀለበቶቹ ውስጥ ይገባል። ቀለም የሚለውጠውን ፍሬ ሲሊካ ካገኛችሁ፣ ሰማያዊው ወደ ሮዝ ሲለወጥ እርጥበት ጠግቧል ማለት ነው፤ ከከረጢቱ አውጥታችሁ በሰሃን ላይ ዘርግታችሁ በ110 ዲግሪ ምድጃ ሁለት ሰዓት ያህል ብታቆዩት ሰማያዊነቱ ይመለሳል።